ለካርቦን ሰነድ አሁንም የሚያዋጣ፦ የፍሪቢኤስዲ የፓራለል ማተሚያ ድራይቨር በድሬዳዋ ሲገመገም

በሦስት ኮፒ የሚወጣ የዕቃ ማስረከቢያ ሰነድ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ዶት ማትሪክስ ማተሚያውን የሚጥልበት ምክንያት የለውም፤ ሌዘርም ሆነ ኢንክጄት ወረቀቱን ስለማይመቱ በካርቦኑ በኩል ወደ ታችኞቹ ቅጠሎች የሚያሳልፉት ነገር የለም። ድሬዳዋ ከጅቡቲ የሚመጣ ጭነት የሚራገፍባትና ወደ ሌላ መኪና የሚዛወርባት ከተማ በመሆኗ፣ አንዱ ቅጠል ለሹፌሩ፣ አንዱ ለመጋዘኑ፣ አንዱ ለሒሳብ ክፍል የሚሄድበት አሠራር እዚህ የዘወትር ጉዳይ ነው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከማተሚያው ጀርባ ያለውንና ብዙ ሰው ስሙን እንኳ የማያነሳውን ክፍል ነው፤ ይኸውም ፍሪቢኤስዲ በተባለው ዩኒክስ መሰል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የሚገኘው የፓራለል ማተሚያ ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከማተሚያው ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ እና የሚስተካከልበት መንገድ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ድራይቨሩ ያረጀ ነው፤ አንዳንድ መልእክቶቹም ያሳስታሉ። ሆኖም አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ችግር ሲገጥም የቱ ጋ እንደተበላሸ ያሳያል፤ አንዴ በትክክል ከተስተካከለ በኋላም ሰው ሳይነካው ይሠራል። የሚያስቸግረው በአብዛኛው እሱ ራሱ ሳይሆን ከእሱ በታች ያለው ርካሽ ካርድና ከእሱ በላይ ያለው የሕትመት ዝግጅት ነው።

የተፈተነው ከዚራ አካባቢ በሚገኝ የትራንዚት ሥራ በሚሠራ ቢሮ ነው። ኮምፒውተሩ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ 25 እግር ፓራለል ፖርት ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ሲሆን፣ ሲስተሙ ፍሪቢኤስዲ 14 ነው። ማተሚያው ኤፕሰን ኤልኪው 2180 ነው፤ 24 ፒን ያለው፣ በአንድ መስመር 136 ፊደል የሚያስገባ፣ ሰፊውን ቅጽ የሚችል። ከጊዜ በኋላ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ በኩልም ሞክረነዋል፤ የካርዱ ነገር ለብቻው የሚነገር ነው።

የድራይቨሩ ዋና ጥንካሬ በሦስት እርከን መከፈሉ ነው። ከታች ያለው ፒፒሲ የሚባለው ሲሆን፣ ሥራው ከፖርቱ ቺፕ ጋር መነጋገር፣ ቺፑ ምን ምን እንደሚችል መለየትና ሬጅስተሮቹን (በቺፑ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ የመቆጣጠሪያ ቦታዎች) መንካት ነው። መካከል ላይ ፒፒባስ አለ፤ እሱ ፖርቱን እንደ አውቶብስ መስመር ቆጥሮ በላዩ ላይ የሚወጡት ድራይቨሮች ተራ እንዲጠብቁ ያደርጋል። ከላይ ያለው ኤልፒቲ ስለ ማተሚያ ብቻ ያውቃል፤ ወረቀት አለቀ፣ ማተሚያው ጠፍቷል፣ ባይቱ ተቀባይነት አገኘ የሚሉት ምልክቶች የእሱ ድርሻ ናቸው። ይህ አከፋፈል የመጣው ከፍሪቢኤስዲ 3.0 ጀምሮ ማለትም በ1998 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ ከዚያ በፊት አንድ ድራይቨር ሁሉንም በራሱ ይይዝ ነበር። የቀድሞውን አሠራር የሚያስታውስ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳል፤ በአንድ ፖርት ላይ ማተሚያና ሌላ መሣሪያ አብሮ ማሠራት ያኔ ራስ ምታት ነበር።

ሦስቱም ከሲስተሙ ጋር በሚመጣው በጄኔሪክ ከርነል ውስጥ አብረው ስለሚመጡ፣ ፖርቱ ማዘርቦርዱ ላይ ላለ ሰው ከርነል መገንባት አያስፈልገውም። ከርነሉን ለማሳጠር ሲል የራሱን ማዋቀሪያ ፋይል የሚጽፍ ሰው ግን ሦስቱን አብሮ መያዝ አለበት፤ ኤልፒቲ ያለ ፒፒባስ፣ ፒፒባስም ያለ ፒፒሲ ምንም አይሠሩም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ኤልፒቲን ብቻ ትቶ ሌሎቹን «የማልጠቀምባቸው» ብሎ መሰረዝ ነው።

ሲስተሙ ሲነሳ የሚወጡት መስመሮች የዚህ ምርት ምርጥ ገጽታ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። በመጀመሪያ ፒፒሲ ዜሮ የሚል መስመር ይመጣና ፖርቱ በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) 378 እስከ 37ኤፍ ባለው አድራሻ፣ በኢንተራፕት (መሣሪያው ፕሮሰሰሩን በሚጠራበት መስመር) ቁጥር 7 መገኘቱን ይናገራል። ቀጥሎ የቺፑን ዓይነት፣ በቅንፍም የሚችላቸውን ሞዶች (የመረጃ ማስተላለፊያ ስልቶች) ይዘረዝራል፤ እኛ ጋ ኢሲፒ፣ ኢፒፒ፣ ፒኤስ 2 እና ኒብል ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ባለ 16 ባይት ማጠራቀሚያ መኖሩን፣ ፒፒባስ መያያዙን፣ በመጨረሻም ኤልፒቲ ዜሮ ማተሚያ ሆኖ መቀመጡንና ፖርቱ በኢንተራፕት የሚሠራ መሆኑን ያሳያል። እነዚህን መስመሮች ከላይ ወደ ታች የሚያነብ ሰው ችግሩ የቱ እርከን ላይ እንደሆነ ሳይገምት ያውቃል። የመጀመሪያው መስመር ከሌለ ፖርቱ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ተዘግቷል ወይም ካርዱ አልታወቀም፤ የመጀመሪያው ኖሮ የመጨረሻው ከሌለ ደግሞ ጉዳዩ የከርነሉ ማዋቀሪያ ነው። ስንት ዘመናዊ ድራይቨር ነው ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ የሚጠፋው!

የአድራሻው ጉዳይ አጭር ነው። በአሮጌዎቹ ፒሲዎች ላይ ፓራለል ፖርት የሚገኝባቸው የተለመዱ አድራሻዎች በሄክስ 3ቢሲ፣ 378 እና 278 ናቸው። ከፍሪቢኤስዲ 5.0 ወዲህ እነዚህ በከርነሉ ማዋቀሪያ ውስጥ መጻፋቸው ቀርቶ ቡት በሚባለው ዳይሬክተሪ ሥር ዲቫይስ ዶት ሂንትስ በተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጡ፣ አንድ ቁጥር ለመለወጥ ከርነል እንደ አዲስ ማጠናቀር ቀርቷል። ለውጡ ለእኛ ዓይነቱ ተጠቃሚ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከርነል መገንባት ረጅም ሰዓት የሚወስድ ሥራ ሲሆን መብራት ከመሐል ከጠፋ ደግሞ ልፋቱ መና ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ማስተካከያ እንግባ፤ በኢንተራፕት መሥራት ወይስ በፖሊንግ? በኢንተራፕት ሲሠራ፣ ማተሚያው አንድ ባይት በተቀበለ ቁጥር የማረጋገጫ መስመሩን ይመታል፤ ፖርቱም ፕሮሰሰሩን ይጠራል፤ ድራይቨሩም ቀጣዩን ባይት ያወጣል። በፖሊንግ ሲሠራ ግን ጥሪ የለም፤ ድራይቨሩ ራሱ የሁኔታ ሬጅስተሩን እያየ «ዝግጁ ነህ?» ይላል። በንድፈ ሐሳብ ኢንተራፕት ይሻላል፤ የፕሮሰሰር ጊዜ አያባክንም። በተግባር ግን ኢንተራፕት 7 ብዙ ጣጣ ያለበት መስመር ነው፤ አንደኛ ነገር፣ በአሮጌው የኢንተራፕት ተቆጣጣሪ ቺፕ ላይ ባለቤት የሌለው የሐሰት ጥሪ ሲመጣ የሚታየው በዚሁ በ7 ቁጥር ነው፤ ሁለተኛ ነገር፣ በርካሽ ካርዶች ላይ የማረጋገጫው ምት አንዳንዴ ሳይመዘገብ ያልፋል።

ጥሪ ሲጠፋ ድራይቨሩ ሙሉ በሙሉ አይቆምም። የጠባቂ ሰዓት ስላለው፣ የሚጠብቀው ጥሪ ካልመጣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱን ቀስቅሶ ይቀጥላል። ይህ ጥበቃ ጥሩ ነገር ቢሆንም ምልክቱን ያደናግራል፤ ማተሚያው ጥቂት ፊደል ይመታል፣ ይቆማል፣ እንደገና ጥቂት ይመታል፤ ሰውም ሪባኑን ይነቅላል፣ ገመዱን ይለውጣል፣ የማተሚያውን ራስ ያጸዳል። ይህንን ምልክት ያየ ሰው ሌላ ምንም ከመንካቱ በፊት ኤልፒቲኮንትሮል የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም በ«ፒ» ምልክት ጠርቶ ወደ ፖሊንግ ይለውጥ። ማተሚያው ወዲያው ሳይቆራረጥ ከሄደ ጉዳዩ ኢንተራፕቱ ነው፤ ካልሄደ ደግሞ በ«አይ» ምልክት መመለስ ይቻላል። ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት አያስፈልግም።

ስለ ፖሊንግ የሚወራው የፕሮሰሰር ብክነት ለዶት ማትሪክስ የተጋነነ ነው። ድራይቨሩ ማተሚያው ዝግጁ አለመሆኑን ሲያይ ለጥቂት ዙር ብቻ እየተሽከረከረ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ይተኛል፤ በተኛ ቁጥርም የሚቀጥለውን የእንቅልፍ ጊዜ ከእጥፍ በላይ እያስረዘመ እስከተወሰነ ጣሪያ ይሄዳል። ስለዚህ ማተሚያው መስመሩን እየመታ ሳለ ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራውን ይሠራል። ቢሯችን ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ሒሳብ የሚሠራው ሰው ሰነድ እየታተመ መሆኑን በማተሚያው ጩኸት እንጂ በኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ አያውቀውም። እንደ እኔ አስተያየት በርካሽ ካርድ ለሚሠራ ሰው ፖሊንግ የመጀመሪያው ምርጫ መሆን ይገባዋል።

የፍሪቢኤስዲ መመሪያ የኢንተራፕቱን መስመር ከሂንትስ ፋይሉ ውስጥ በመሰረዝ ብቻ ፖሊንግ እንደሚገኝ የሚያስመስልበት ቦታ አለ፤ በተግባር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ምክንያቱ ኤሲፒአይ የተባለው፣ ሃርድዌሩን ለሲስተሙ የሚያስተዋውቀው ሥርዓት ነው፤ ፖርቱን ከባዮስ ሠንጠረዥ አንብቦ ራሱ ስለሚያያይዘው፣ ሂንትሱ ውስጥ የሌለውን ኢንተራፕት ከዚያ ያመጣዋል። አስተማማኙ መንገድ ሁለት ነው፦ ወይ የኤልፒቲኮንትሮሉን ትእዛዝ ሲስተሙ ሲነሳ በሚሄደው አርሲ ዶት ሎካል ፋይል ውስጥ ማስገባት፣ ወይም የፒፒሲን ባንዲራ (የማስተካከያ ቁጥር) በሄክስ 20 አድርጎ ኢንተራፕቱን ከመነሻው መከልከል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ሰው በግልጽ ይታያል። ኤልፒቲኮንትሮል ያደረገውን ለውጥ በራሱ የማያስታውስ መሆኑ ግን በዚህ ዘመን ሊታለፍ የማይገባ ጉድለት ነው።

የባዮሱን ሞድ በተመለከተ፣ ኢሲፒ ፈጣን ስለሆነ እሱን መምረጥ አለብኝ ብሎ የሚነሳ ብዙ ነው። በ1994 የወጣው አይትሪፕልኢ 1284 የተባለው የፓራለል ፖርት ደረጃ ኢፒፒንና ኢሲፒን ወደ ሁለት ሜጋባይት በሰከንድ የሚደርሱ አድርጎ አስቀምጧቸዋል፤ የድሮው ተራ ሞድ ደግሞ ወደ 150 ኪሎባይት ገደማ ነው። ነገር ግን ዶት ማትሪክስ በሰከንድ የሚመታው በመቶዎች የሚቆጠር ፊደል ነው። ተራው ሞድ ከበቂ በላይ ይሆናል፤ ኤልፒቲም ቢሆን ሌላ ካልታዘዘ በዚሁ ይጀምራል። ባዮሱን በተራው ሞድ አስቀምጦ ማለፍ ይሻላል፤ የኤልፒቲ መመሪያ ገጽ ራሱ በርካሽ ፖርቶች ላይ እክል እንደሚበዛ አይደብቅም። ቺፑን በስሕተት የሚለይ ማዘርቦርድ ቢገጥም ደግሞ በባንዲራዎቹ ቺፕ ለይቶ የማወቁን ሙከራ ማስቆም ይቻላል።

ድራይቨሩን አጥብቄ የምነቅፈው በአንድ መልእክት ነው። ማተሚያው ሲጠፋ፣ ወረቀት ሲያልቅ ወይም ከመስመር ሲወጣ፣ ኤልፒቲ ፖርቱን ለመክፈት ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቅና «መሣሪያው ተይዟል» የሚል ትርጉም ያለው ስሕተት ይመልሳል። ማንም አልያዘውም! ወረቀት ማለቁንና ማተሚያው አለመመረጡን ለየብቻ የሚናገሩ መስመሮች በገመዱ ውስጥ እያሉ፣ ለተጠቃሚው የሚደርሰው ይህ አንድ ቃል ብቻ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ከሳቢያን በስልክ ደውለው «ወንድሜ፣ ቢሮ የቀረ ሰው የለም፤ ታዲያ ማን ነው የያዘው?» ሲሉ የምመልሰው መልስ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ጋሼ፣ የማተሚያው የኦንላይን መብራት በርቷል ወይ?» አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ተጨማዶ መብራቱ ጠፍቶ ይገኛል። ይህንን መልእክት ወደ ሰው ቋንቋ የሚለውጥ አጭር ስክሪፕት በማተሚያው ትእዛዝ ዙሪያ መጠቅለል ያስፈልጋል፤ ድራይቨሩ ራሱ ቢሠራው ግን ይሻል ነበር።

ወደ ካርዱ ስመጣ ምርቱ ይበልጥ ይፈተናል። አዳዲስ ማዘርቦርዶች ፓራለል ፖርት ስለሌላቸው፣ ከገበያ የተገዛ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ተሰክቶ ነበር፤ ሻጩ የትኛውም ሲስተም ላይ እንደሚሠራ ነግሮን ነበር፤ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቺፕና ካርዱ ላይ የተበየደው ቺፕ ግን አልተገናኙም። በፍሪቢኤስዲ እንዲህ ያሉ ካርዶች የሚያዙት ፒዩሲ በተባለ ድራይቨር ነው፤ እሱ ካርዱን ከፍቶ ሲሪያሉን ለሲሪያል ድራይቨር፣ ፓራለሉን ለፒፒሲ ያካፍላል። አድራሻውን የሚሰጠው ካርዱ የተሰካበት የፒሲአይ መስመር ስለሆነ በሂንትስ ውስጥ 378 ብሎ መጻፍ እዚህ ትርጉም የለውም፤ ይህንን የማያውቅ ሰው ሂንትሱን ሲለዋውጥ ይውላል።

ፒሲአይኮንፍ የተባለውን ትእዛዝ ከዝርዝር ምልክቶቹ ጋር ስንጠይቅ ካርዱ ስም በማጣት ተርታ «ነን» (በእንግሊዝኛ «ምንም») ተብሎ ተመዝግቦ ተገኘ፤ ማለትም ከርነሉ ያየዋል፣ ግን የሚረከበው ድራይቨር የለም። መፍትሔው ከርነሉ ምንጭ ውስጥ ፒዩሲዳታ የተባለውን ፋይል ከፍቶ የካርዱን የአምራችና የመሣሪያ መለያ ቁጥር፣ የፖርቶቹን ብዛትና የፓራለሉ ሬጅስተሮች ያሉበትን ክፍል የያዘ አንድ ግቤት መጨመርና ከርነሉን ማጠናቀር ነው። ግቤቱ ከጥቂት መስመር አይበልጥም፤ አጎራባች ግቤቶቹን አይቶ መጻፍ ለፕሮግራመር ላልሆነ ሰውም የሚቻል ነው። አዲሱ ከርነል ሲጫን የቀድሞው «ከርነል ዶት ኦልድ» በሚል ስም ስለሚቀመጥ፣ አዲሱ ባይነሳ ከማስነሻው ምናሌ አሮጌውን መርጦ መመለስ ይቻላል፤ ይህ ጥንቃቄ ለእንዲህ ያለው ሙከራ ድፍረት ይሰጣል። ካርዱ ከዚያ በኋላ በፖሊንግ ሠርቷል፤ በኢንተራፕት ግን ከላይ እንደገለጽኩት ይቆራረጥ ነበር።

ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል የሚቀይረው ገመድ ሌላ ነገር ነው። እሱ ሲሰካ ፒፒሲም ፒፒባስም አይነሱም፤ ኮምፒውተሩ የሚያየው ተራ የዩኤስቢ ማተሚያ ነው፤ የሚረከበውም ዩኤልፒቲ የተባለው ድራይቨር ነው። ለአንድ ማተሚያ በቂ ነው። ነገር ግን ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ማተሚያውን ስለሚያስጀምረው፣ ረጅም ቅጽ ግማሽ ላይ ሳለ ሌላ ሥራ ከመጣ የቅጹ ልክ ሊዛባ ይችላል፤ ለዚህ ሲባል የማያስጀምረው ሌላኛው የመሣሪያ ፋይል፣ «ዩኤን ኤልፒቲ» የሚባለው፣ መመረጥ አለበት።

ከድራይቨሩ በላይ ያለውን የሕትመት ወረፋ የሚያስተዳድረው ኤልፒዲ ከሲስተሙ ጋር ስለሚመጣ ሌላ የሚጫን ነገር የለም። ፕሪንትካፕ በተባለው ፋይል ውስጥ የማተሚያው ስም፣ የመሣሪያው ፋይል፣ የወረፋው ዳይሬክተሪና የስሕተት መዝገቡ ይጻፋሉ፤ አርሲ ዶት ኮንፍ ውስጥ ኤልፒዲ እንዲነሳ ይፈቀዳል፤ በቃ። የፋይሉ መጠን ገደብ ዜሮ (ገደብ የለም ማለት ነው) ካልተደረገ ትልልቅ የምስል ሥራዎች እንደሚቆረጡ ማስታወስ ግን ይገባል። አንዳንድ ማተሚያ ላይ ጽሑፉ እንደ ደረጃ ወደ ቀኝ እየወረደ ከወጣ፣ ዩኒክስ መስመር የሚጨርስበት ምልክት ራሱን ወደ ግራ ጠርዝ ስለማይመልሰው ነው፤ የመመለሻውን ምልክት የሚጨምር አጭር ማጣሪያ ይፈታዋል።

ዋናው የአማርኛ ተጠቃሚ ጥያቄ ፊደሉ ነው። ማተሚያው በራሱ ማህደረ ትውስታ የያዘው የላቲን ፊደልና ቁጥር ነው፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከ1999 ጀምሮ ቦታ ቢኖረውም ማተሚያው ስለ ዩኒኮድ አያውቅም። ስለዚህ አማርኛው በኮምፒውተሩ ላይ ወደ ምስል ተለውጦ ነጥብ በነጥብ መላክ አለበት። እኛ የምንጠቀመው መንገድ ጽሑፉን ፓፕስ በተባለ ፕሮግራም ወደ ፖስትስክሪፕት (የገጽ መግለጫ ቋንቋ)፣ ከዚያ ጎስትስክሪፕት በተባለ ሌላ ፕሮግራም የኤልኪው ማተሚያ ወደሚገባው ትእዛዝ መለወጥ ነው፤ የፊደሉ መልክ ደግሞ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነው።

ይህ ለድራይቨሩ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። 80 ፊደል ያለው ተራ የላቲን መስመር 80 ባይት ብቻ ነው። ያው መስመር 8 ኢንች ስፋት ይዞ በ24 ፒን በኢንች በ180 ነጥብ ጥራት በምስል ሲላክ፣ እያንዳንዱ የነጥብ ዓምድ 3 ባይት ስለሚፈልግ 8 በ180 በ3 ተባዝቶ 4320 ባይት ይሆናል፤ 54 እጥፍ ማለት ነው። ጥራቱ ወደ 360 በ360 ከፍ ሲል ደግሞ ማተሚያው በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ መመላለስ ይጀምራል። ይህም ሁሉ ሆኖ ፖርቱ አይጨናነቅም፤ ተራው ሞድ እንኳ ይህን ያህል ባይት በሰከንድ ጥቂት መቶኛ ያሳልፈዋል። የሚያዘገየው የማተሚያው ራስ መመላለስ ነው። እንግዲህ ፈጣን ሞድ በመምረጥ የአማርኛ ሕትመት ይፈጥናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያባክናል።

ባለ ኢንተራፕቱ ሞድ የሚያስጨንቀው ግን እዚህ ላይ ነው። ባይቱ 54 እጥፍ ሲሆን የጥሪዎቹም ብዛት እንዲሁ ያድጋል፤ በተራ ጽሑፍ የማይታይ የጥሪ መጥፋት በአማርኛ ምስል ላይ በግልጽ ይወጣል፤ የማተሚያው ራስ መስመሩ መሐል ላይ ይቆማል፤ ሲቀጥልም በሁለቱ ግማሾች መካከል ፀጉር የመሰለ ነጭ ክፍተት ሊታይ ይችላል፤ በታችኛው ቅጠል ላይ ደግሞ «ሐ» እና «ሕ» መለየት ያስቸግራል። ለዚህም ነው ፖሊንግን ያስቀደምኩት። ከዚህ ባሻገር የምመክረው አማርኛውን ርእስ፣ ሠንጠረዡንና የፊርማውን ቦታ ማተሚያ ቤት አስቀድሞ ባተመው ፓድ ላይ አድርጎ፣ በዶት ማትሪክሱ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የሰሌዳውን ቁጥር በተራ ጽሑፍ፣ የተረካቢውን ስም ብቻ በምስል ማውጣት ነው። በዚህ አሠራር አንድ ሰነድ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ሹፌሩን አያስቆመውም።

ከሶፍትዌሩ ውጭ ያለውን ሳላነሳ ማለፍ አይገባኝም። የድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ ማገናኛዎቹን ይጎዳል፤ በ36 እግሩ ማገናኛ ላይ ያሉት የሽቦ መቆንጠጫዎች ካልተጣበቁ ገመዱ በራሱ ክብደት ይላላል፤ ውጤቱም አንድ ቢት የጠፋበት የተበላሸ ፊደል ነው፤ ይህንን ደግሞ የትኛውም ድራይቨር አያርመውም። ፓራለል ፖርት ማሽኖቹ በርተው ሳለ ለመሰካትና ለመንቀል የተሠራ አይደለም። ማተሚያው ከአንዱ ሶኬት፣ ኮምፒውተሩ ከሌላ ምድር ከሌለው ሶኬት ሲሰኩ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ በሁለቱ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ፖርቱን ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለቱን በአንድ ስታብላይዘር ላይ ማዋልና ገመዱን የ1284ቱን ደረጃ የጠበቀ መግዛት ያዋጣል፤ ያኛው እስከ 10 ሜትር ይደርሳል፤ ተራውን ገመድ ግን ከ2 እና ከ3 ሜትር በላይ ማስረዘም አይመከርም።

ከሊኑክስ ጋር ላወዳድር። እዚያም አከፋፈሉ ተመሳሳይ ነው፤ ፓርፖርት የጋራው እርከን፣ ፓርፖርት ፒሲ የቺፑ ድራይቨር፣ ኤልፒ የማተሚያው ድራይቨር ናቸው፤ አድራሻና ኢንተራፕት የሚሰጡትም ሞጁሉ ሲጫን በአማራጭ መልክ ነው። ሲሪያልና ፓራለል አብረው ያሉባቸው ካርዶች ፓርፖርት ሲሪያል በተባለ ሌላ ሞጁል ይያዛሉ። እኛ ጋ ፍሪቢኤስዲ ያላወቀውን ካርድ ሊኑክሱ ሳይጠየቅ አወቀው፤ በዚህ በኩል ብልጫው የእሱ ነው። ከላይ ያለው ካፕስ የተባለው የሕትመት ሥርዓት ግን ለአንድ ዶት ማትሪክስ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ነው፤ ተራ ጽሑፉንም አንዳንዴ ሳይጠየቅ ወደ ምስል ይለውጠዋል፤ ከዚያ 80 ባይት የነበረው መስመር ወደ ሺዎች ይገባል። ኤልፒዲ የተሰጠውን እንዳለ ያስተላልፋል፤ ለቁጥር ሰነድ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ፖርቱ ማዘርቦርዱ ላይ ላለና በካርቦን ፓድ ለሚሠራ ቢሮ ይህንን ድራይቨር ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ካርድ ለሚገዛ ሰው ግን ምክሬ የተለየ ነው፤ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቺፑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ በፒዩሲዳታ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ሻጩም ካርዱን ከሳጥኑ አውጥቶ ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ ይለፈው። ግቤቱን በራሱ የጨመረ ደግሞ ሲስተሙን ባሻሻለ ቁጥር የምንጭ ኮዱ ስለሚተካ ያቺ ጥቂት መስመር አብራ ትጠፋለች፤ ለየብቻ በፓች (ለውጡን ብቻ በያዘ) ፋይል አስቀምጦ ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ መልሶ መለጠፍና ከርነሉን እንደገና መገንባት ይኖርበታል።